የበጎቹ ደም ምን አለ?

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ላምበረት መናኸሪያ

ገና አልነጋም። ረዳቶቹ ግን ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን እያሉ የሰው ሻንጣ ይሻማሉ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ያዝኩና ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስገባሁ። ቦርሳው ውስጥ ሹራብ፣ ጋቢና በላስቲክ የተጠቀለለ ፕሮፖዛል አለ። መንዝ ድረስ የምሄደው ለዚህ ፕሮፖዛል ፊርማ ፍለጋ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ጤና አስተምራለሁ። ባለፈው ወር እኔንና ባልደረቦቼን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ወስደው የምርምር ገንዘብ የሚያስገኝ ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚጻፍ አሠለጠኑን። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ገበሬ ችግር ስናወራ አዳራሹ ውስጥ አንድም ገበሬ አልነበረም። የሻይ እረፍቱ ግን አንድም ቀን ደቂቃ አልተዛነፈም።

አሠልጣኛችን ስሙ የገነነ ዶክተር ነው። ገንዘብ ያስገኘለትን የራሱን ፕሮፖዛል፣ የቦታውን ስም አጥፍቶ በነጥብ ከተካ በኋላ፣ ናሙና ብሎ በፍላሽ አደለን። "የችግሩን መግለጫ አትንኩት፤ የተፈተነ አንቀጽ ነው። ነጥቡ ላይ የወረዳችሁን ስም ሙሉ" አለን። በጎች ላይ መሥራት እንደምፈልግ ስነግረው ጊዜ አልወሰደበትም። መንዝ ሂጂ፣ ሞላሌ አካባቢ ያለው ሕዝብ አያስቸግርም፣ ይፈርማል አለኝ።

እኔም ሞላሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያኔ ግን የሠለጠንኩ መስሎኝ ነበር። የማኅበረሰቡ የስምምነት ፊርማ እስከ አርብ 11 ሰዓት ካልደረሰ ማመልከቻው ውድቅ ነው። የሦስተኛ ዲግሪዬ ሥራ የተንጠለጠለው ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፤ ጣርማ በር

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀይሬያለሁ። ጣርማ በር ጉም ውጦታል፤ የፊታችን መኪና የኋላ መብራት እንኳ የሚታየው ከተጠጋነው በኋላ ነው። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ መዘዞ ስንዘልቅ ጉሙ ገለጥ አለ። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባና የደረቡ ገበያተኞች፣ መንገዱን እንደ ግቢያቸው የሚቆጥሩ ጥቋቁር በጎች። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ በጎቹን እያሳለፈ ለጥናት ነው የምትሄጂው ሲል ጠየቀኝ። በምን አወቅህ አልኩት።

"ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ለጥናት ነው" አለ። "ስወስዳቸውም ስመልሳቸውም እኔው ነኝ። ሁለተኛ ግን አንዱንም ጭኜ አላውቅም።"

ሳቅሁ። የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረው የገባኝ በማግስቱ ነው።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት፤ ከሞላሌ ወጣ ብሎ

ሞላሌ አደርኩ። ሌሊቱን ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ገባ። ጠዋት ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጓዝን። ዕለቱ ሚካኤል ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተሰብስበው ነበር። ከየት መጣሽ ሳይሉ ወፍራም የገብስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ጠላም ቀዱልኝ።

እዚህ አገር ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ያልተነበበ ወረቀት አይፈረምም። ሊቀ መንበሩ አንብቢ አለኝ። መሐል የተቀመጡት የዜማ መምህሩ መሪጌታ ጽጌ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጆሮ ተምረው በጆሮ ያስተማሩ ሰው በመሆናቸው ግን የሰሙትን አይጥሉም። ቆሜ የአማርኛውን አጭር መግለጫ ጀመርኩ።

"የአካባቢው አርቢ ስለ በጎች ጤና ያለው ግንዛቤ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ወረደ። ዳቦአቸው እጄ ላይ ነው። መሪጌታ እንደተቀመጡ ከእኔ ተቀበሉና፣ "በየዓመቱ ለከፍተኛ ጉዳት ይዳረጋል፤ ይህም ጥናት ክፍተቱን በመሙላት ለማኅበረሰቡ ዘላቂ መፍትሔ ያበጃል" ብለው ጨረሱት። እኔ በዓይኔ ወረቀቱን እከተል ነበር። አንዲት ቃል አልሳቱም። የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ይህን ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ቆመው አንብበውልናል" አሉ። "ፈርመናል። ከበጎቻችን ደም ቀድተው፣ በጠጣቸውን ሳይቀር ለቅመው፣ ውጤቱን ይዘን እንመጣለን ብለው ሄዱ። ደሙ ምን አለ?"

ማን እንደነበረ ጠየቅሁ። ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝ። የእኔው አሠልጣኝ ነው። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንተ ያልኩት አውቄ ነው።

በጎቻቸው በየዓመቱ ይከሳሉ፣ መንጋጋቸው ሥር ያብጣሉ፣ ይሞታሉ። የጉበት ትል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጥርጣሬዬን ነገርኳቸው። ከየት እንደሚይዛቸው ግን ምንጭ፣ ወንዝና ረግረግ ባለበት አገር በግምት አይነገርም። መሪጌታ በትራቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ግጦሽ አሳዩኝ። ጨፌ ይሉታል፤ በጋ ከክረምት ውኃ የማያጣ ለምለም መስክ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተከልሎ ይቆያል። ሲከፈት ማንም ጠንካራ በጉን አያስገባበትም። ቀድመው የሚገቡት የከሱት፣ የታመሙትና አዲስ የወለዱት ናቸው፤ የማንም ይሁኑ የማን። ይህን ሥርዓት ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ደግሞ ግንዛቤያቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው ብዬ ጽፌ፣ እንዲፈርሙበት ይዤላቸው መጥቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፊርማውን ስጠይቅ መሪጌታ አልተቆጡም። የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ አንፈርምም አሉኝ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

አርብ፣ 3 ሰዓት፤ ሞላሌ

መኪና እስኪሞላ ለአሠልጣኜ ስልክ ደወልኩለት። የሞላሌው ጥናት ውጤት የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩ አልከበደውም።

"እሱማ ድሮ ታትሟል። ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆንኩበት ሥራ እኮ ነው።"

"ለሰዎቹስ ነግረሃቸዋል?"

አንተ ስለው "አንተ?" አለ። ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ለገበሬ ምን ያደርግለታል ብሎ ሳቀ። ፊርማ ከከለከሉሽ የቀበሌ ማኅተም አስመቺበትና አስገቢ፣ ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው ሲልም መከረኝ። ደሜ ፈላ። ጽሑፉን ላክልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

አርብ፣ 10 ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን

ጽሑፉ በቴሌግራም የደረሰኝ እዚህ ነው። አንድ ሻይ ቤት ገብቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጥናቱ በደንብ የተሠራ ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። በሽታው የጉበት ትል ነው። ምንጩም ወንዙም ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትሉ የሚይዛቸው ከጨፌው ነው። በግ ወደዚያ ባይገባ፣ ሣሩም ታጭዶና ደርቆ ቢሰጥ ሞቱ እንደሚቀንስ በግልጽ ተጽፏል። መጨረሻው ገጽ ላይ የአካባቢው ማኅበረሰብ ስላደረገው ትብብር ተመስግኗል።

ማኅተም ፍለጋ አልሄድኩም። 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሪጌታ ዘንድ ደወልኩ። ውጤቱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ወጡት፤ ምንም አልቀረም። ለሰዉ ዛሬውኑ እነግራለሁ አሉ።

"ይህ የታወቀው መቼ ነው?" አሉኝ።

ደሙ በተወሰደ በዓመቱ ነው አልኳቸው። 11 ሰዓት አልፏል።

"ሰባት ዓመት" አሉ። "ደካማ ደካማውን እየመረጥን ጨፌው ውስጥ የምናስገባው እኛው ነን።"