የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ

መስከረም ሲጠባ የወረታው መዝገብ ቤት ሠራተኛ የፎገራ ጎርፍ ያራሰውን ፋይል ከግቢው ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እያንዳንዱን ወረቀት እንደ ሕፃን ልብስ በመዳፉ እየዳበሰ ያቃና ነበር። ለንግድ ፈቃድ የመጣችው ሱቀኛዋ ዘሊካ በቀይ ሽብር የተረሸነባትን የልጇን ፎቶ ከወረቀቶቹ መካከል ስታይ ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ፎቶውን ብቻ ይስጡኝ። ሌላ የለኝም።»

«ጓድ በይ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ የተረሸነ ሰው ፋይል ይቃጠላል።»

«ታዲያ ለምን ያደርቁታል?»

«እርጥብ አይነድማ!»

በዚያ ሐሩር እስከ አንገቱ የቆለፈው ካኪ ኮት ሲያጎነብስ ተከፈተ። ለተረሸነ ማዘን በተከለከለበት ዘመን፣ ከሥሩ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል።

«እርስዎም ሐዘን አለብዎ?» አለችው በሹክሹክታ።

«የልጄን ትናንት አቃጠልሁት» አለና፣ የሷን ልጅ ፎቶ በደረቁት ወረቀቶች ክምር ላይ ጥሎ ክብሪት ጫረ።