የሙከራ መርዶ

ጋሼ ጸጋዬ ለደስታ ደውሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ በፋሲካ ማለዳ እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ ቢደውል፣ ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ገና ሳላነሳው ነው ያለቀስኩት። በካርቱም የዕድራችን ለፋፊ እሱ ነው። አገር ቤት ቢሆን ጥሩምባ ይነፋ ነበር። እዚህ ጀብራ ሰፈር ጥሩምባ የነፋ ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ይደውላል።

ሥራው ጎሚስታ ነው። ሰው ሲሞት እጁን ይታጠብና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ከሐጅ ዩሱፍ እስከ ሶባ ላለው አባል ሁሉ በየተራ ይደውላል። መርዶ በድንገት አይነገርም ባይ ነው። መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ከዚያ ልጆችን፣ ከዚያ አሠሪሽ እንዴት ናት፣ ከዚያ መብራት አለ ወይ ይላል። እሱ መብራት ጋ ሲደርስ እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ጨርሰናል።

ልጄ ገሊላ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምፒውተር የተማረች ናት። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለዕድሩ የስልክ አፕ ሠራች። የሟቹ ስም ይመረጣል፣ አንዲት ቁልፍ ትነካለች፣ ማስታወቂያው ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል። የዕድሩ ሰብሳቢ ሰብስቤ መሬት አልበቃው አለ። "ዓርብ ስብሰባው ላይ እናየዋለን። ከሠራ፣ ጸጋዬን ጋቢ አልብሰን እናሳርፈዋለን" አለ። ጋሼ ጸጋዬ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ከሰው የሚገናኘው በዚያች ስልክ ነው። ምን ሊወስዱበት እንደሆነ ገብቶታል።

አፑ ታዲያ በእሱ ስልክ ላይ እንቢ አለ። እንደሱ ያለ አሮጌ ስልክ የያዙት አባላት ደግሞ ብዙ ናቸው። ገሊላ "አፑ ስልኩ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳየኝ መሣሪያ አለ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ልጫነው" አለችና ሐሙስ ከሰዓት ጠራችው። ሰውዬው የገዛ ቦታውን ለሚነጥቀው ነገር ስልኩን ይዞ፣ ሸሚዙን ቀይሮ መጣ።

መሣሪያው የሚወርድበት ገጽ "ከሱዳን ነሽ" ብሎ አላስገባትም፤ አድራሻዋን የሌላ አገር አስመስላ ገባች። በገመድ ብታገናኘው ኮምፒውተሩ ስልኩን አላየው አለ፤ ለካ ጋሼ ጸጋዬ ያመጣው ገመድ ባትሪ ከመሙላት በቀር ወሬ አያሳልፍም። ሌላ ገመድ ተገኘ። አሁንም የለም። ገሊላ ላብ በላብ ሆነች። በኋላ ዞር ብላ ብታይ፣ ስልኩ "ይህ ኮምፒውተር ይግባ ወይ?" ብሎ በዓረብኛ በጠየቀ ቁጥር ጋሼ ጸጋዬ አውራ ጣቱን እየላከ "አይግባ" ይለዋል።

"አሞ፣ ሌሽ? ለምን?" አለችው ገሊላ፤ አጎቴ ስትል ነው አሞ የምትለው።

"ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም። እዚህ አገር ያኖረኝ ይሄ ነው።"

"ወረቀት አይደለም እኮ!"

"የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ወረቀት ነው።"

ለምነን አስፈቀድነው። ኮምፒውተሩ ላይ የመሣሪያው መስኮት ተከፈተና አፑ የሚሠራው ሁሉ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። ጥፋቱም ታየ፤ አሮጌው ስልክ ባትሪ እቆጥባለሁ እያለ አፑን ያስተኛዋል። ገሊላ በሁሉም ስልክ እንዲሠራ አድርጋ አስተካከለችው።

"ያላ አሞ፣ አሁን የሞት ማስታወቂያ ላክ። ስም ምረጥ።"

"የማንን ስም?"

"የፈለግከውን። ሙከራ ነው፤ እዚህ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ወላሂ።" ቄስ ፊትም ወላሂ ትላለች፤ ተስፋ ቆርጬ ትቻታለሁ።

በቁም ሰው ላይ እንዴት ይሟረታል! የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ወረደ። ሰብስቤ ስኳር አለበት። ሜሮን እርጉዝ ናት። የሶባዋ ይመኙሻል ገና ከሐኪም ቤት መውጣቷ ነው። እኔ ስም ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። "ሞክራትና!" አልኩት። መጨረሻ ላይ ተነፈሰና የራሱን ነካ።

"የኔ ይሻላል" አለ። "የሚደነግጥ የለበትም።"

እስከዚያ ድረስ ስስቅበት ነበር፤ ያን ሲል አንጀቴን በላው።

መስኮቱ ላይ "ደረሰ" የሚል ቃል መጣ። ከሥሩ ሌላ "ደረሰ"። ከዚያማ እንደ ዝናብ ወረደ። ገሊላ አፏን ያዘች። አፑን ወደ ሙከራ ማዞሩን ረስታ፣ ከእውነተኛው ዕድር ጋር እንደተያያዘ ትታዋለች። ጋሼ ጸጋዬ በመላው ካርቱም ሞተ።

ስልኩ ጮኸ። ሰብስቤ ነው።

"ጸጋዬ፣ ሞተሃል የሚል ነገር መጣብኝ። እውነት ነው?"

"ኧረ አልሞትኩም።"

"እኔስ! ጸጋዬ ሳይደውልልኝ ጸጋዬ እንዴት ይሞታል ብዬ ነው።"

ይመኙሻል ተከተለች። "ከሞትክ ቶሎ ንገረኝ፤ ሐፍላ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልነሳ" አለችው እያለቀሰች። ስልኩ እስኪግል ደወሉ። ማስታወቂያው ያልደረሰው አልነበረም፣ ያመነ ግን አንድም አልተገኘ። እሱም ማን ይቸኩላል፤ እያንዳንዱን ጤናውን ጠይቆ፣ ልጆቹን ጠይቆ፣ ከዚያ ነው "አልሞትኩም" የሚለው። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

ስልኩ ጸጥ ሲል ግን ፊቱ ጠቆረ። "የእውነት ስሞትስ ማን ይነግራቸዋል?" አለ።

ዓርብ ጋቢውን አለበሱት፤ ከሥራው ግን አላነሱትም። አፑ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገር፣ መርዶውን ጸጋዬ ይንገር ተባለ።

መስከረም ላይ አንድ አዛውንት አረፉብን። ጋሼ ጸጋዬ ገሊላን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። ለእያንዳንዱ አባል መርዶውን ከነገረ በኋላ ስልኩን ለእሷ ይሰጣታል፤ እሷም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ገሊላ ነኝ፣ እግዜር ያጽናችሁ" ትላለች። ከዚያ መልሶ ይቀበላትና "ድምፅዋን ልመዱ፤ የኔን የምትነግራችሁ እሷ ናት" ይላል።

አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ለእኔም ደወሉልኝ። የገዛ ልጄን ድምፅ ልታስለምደኝ ነው እንዴ ልለው አስቤ ነበር። ግን "እሺ፣ ጋሼ" አልኩት።