የጎማ እርሳስ የዋጠች ጨረቃ

እንጨት በቶርኖ ማዞር ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ጎረቤቶቹ ግን «ዘንበል» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ባለቤቱ ካረፈች በኋላ የሠራት የመጀመሪያዋ ጠረጴዛ አንዱ እግሯ ከሌሎቹ በሁለት ጣት አጥሮ ተገኘ። ደንበኛው ሲቆጣ፣ «ጠረጴዛዋ ደህና ነች፤ የተንጋደደው ወለልህ ነው» አለው። ሰውዬው ወለሉን በውሃ ልክ አስለክቶ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ላይ ሰው በቆመ ቁጥር፣ «ዘንበል ማለት እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» ይላል። ሰው ሳይስቅብህ ቀድመህ ከሳቅህ፣ ለሌላው የሚተርፈው ሳቅ ትንሽ ነው።

የጥፋቱን ምንጭ ከሴት ልጁ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ልኬት የምታነበው ባለቤቱ ነበረች። እሱ ከቶርኖው በዚህ በኩል መሮውን ይዞ ይቆማል፤ እሷ በዚያ በኩል የትእዛዙን ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች። «አሥራ ሁለት» ትላለች። እሱ «አሥራ ሁለት» ብሎ ይመልሳል። እሷ ደግማ «አሥራ ሁለት» ካላለች መሮው እንጨቱን አይነካም። የምትደምረውም የምታካፍለውም እሷው ነበረች። አሁን በዚያ በኩል ማንም የለም። ልኩን ራሱ ይጠራል፣ ራሱ ይመልሳል። ክፋቱ፣ ጠሪውም መላሹም ሲሳሳቱ አብረው መሳሳታቸው ነው።

ልጁ የፊዚክስ አስተማሪ ነች። ከጠረጴዛዋ ቀጥሎ በደንበኛው በር የማይገባ ቁም ሣጥን ሠርቶ መመለሱን ስትሰማ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይህን ቤት እንዝጋው።»

«ምነው? ቤቱ ምን አጠፋ?»

«ቤቱማ ምንም አላጠፋ። ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነው። መጋዝ እጅህን ሳይበላው ይቅርብህ።»

«መጋዙ እኮ ከእኔ በላይ አርጅቷል። በምን ጥርሱ ይበላኛል?»

አልሳቀችም። እናቷም ሥራ ላይ ቀልድ አትወድም ነበር። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ለተማሪዎቿ ማሳያ የምትሆን አንዲት መሬትና አንዲት ጨረቃ ይሠራል። ልኩን ራሱ አንብቦ፣ ራሱ አስልቶ፣ ብቻውን። ትክክል ከመጡ ቤቱ ይቆያል፤ ካልመጡ ቁልፉን ያስረክባል። ልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችውና ለሐሙስ ተቀጣጠሩ።

ወረቀቱ «መሬት፦ ወርዷ ሠላሳ ሦስት ሴንቲ። ጨረቃ፦ ዘጠኝ ሴንቲ። ክብደታቸውም እንደ እውነተኞቹ ይመጣጠን፤ ተማሪዎቹ ሚዛን ላይ ያወጧቸዋል» ይላል።

ወፍራም የወይራ ጣውላዎች በኮላ አጣብቆ፣ በሞርሳ አስሮ፣ ሲደርቅለት መሬትን አዞራት። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሻት እንደ ተላጨ ራስ አበራች። ከሥጋ ቤቱ ሚዛን ተውሶ ሲመዝናት ልክ አሥራ ሰባት ኪሎ ሆነች። ከዚያው ወይራ ጨረቃን አዞረ፤ ሦስት መቶ አርባ አምስት ግራም መዘነች።

«ይህቺማ ታማለች» አለ ሚዛኑን እያየ።

ተቀምጦ አሰበ። ዘጠኝ የሠላሳ ሦስት ሩብ አለፍ ይላል። በወርድ ሩብ ከሆነች በክብደትም ሩብ መሆን አለባት፤ የአሥራ ሰባት ሩብ ደግሞ አራት ከሩብ ነው። ራሱ ጠራ፣ ራሱ መለሰ፣ ሁለቱም ተስማሙ። በዕድሜው ስንት መቶ የደረጃ መደገፊያ ኳስ አዙሯል፤ ሩብ ወርድ ያላት ኳስ የሩብ ሩብ እንኳ እንደማትመዝን እጁ አሳምሮ ያውቀዋል። እጁን ግን ማን ጠየቀው?

ጨረቃን ለሁለት ሰነጠቃትና ሆዷን ፈልፍሎ አወጣ። ከዚያ ግድግዳ ወደሚጋራው ጎሚስታ ሄዶ፣ ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ለመነ።

«ለምንህ ነው ጋሼ? ጋሪ ገዛህ እንዴ?»

«ለጨረቃ ነው።»

ጎሚስታው ያገለገለ እርሳስ በቆርቆሮ ሞልቶ ሰጠው። ነገሩ ግን አላስችል ብሎት ተከትሎት መጣ። ዘንበል እርሳሱን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ጨረቃዋ ሆድ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ መዘነ። ሁለት ኪሎ ከትንሽ።

«አልጠገበችም» አለ።

«እንጨቱን ትተህ ድፍን እርሳስ ብታደርጋትስ?»

ዘንበል አሰላ። ድፍን እርሳስ ብትሆን እንኳ አራት ከሩቡን የምትነካው ለጥቂት ነው።

«እኔ ጨረቃ ድንጋይ ትመስለኝ ነበር» አለ ጎሚስታው። «ለካስ እርሳስ ነች! ራሳችን ላይ ብትወድቅስ?» የልኩን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስቶ አነበበ፤ ከዚያ ገለበጠው። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ‹መሬት በክብደት የጨረቃ ሰማንያ አንድ እጥፍ ናት።› ጋሼ፣ ጀርባውን አላየኸውም?»

ዘንበል ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። የልጁ ጽሑፍ ነው፤ ጉልህ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ወረቀት የምትገለብጠው እሷ ነበረች» አለ፣ ከቶርኖው ማዶ ያለውን የባለቤቱን ባዶ ወንበር እያየ።

ጎሚስታው ዞር ብሎ ወለሉ ላይ የተበተነውን እርሳስ መልቀም ጀመረ።

ሐሙስ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አሥራ ሰባቱን ኪሎ ለሰማንያ አንድ አካፈሉ፤ ሁለት መቶ አሥር ግራም ገደማ ወጣ። የመጀመሪያዋ የወይራ ጨረቃ እንኳ፣ ያቺ በሽተኛዋ፣ ከሚገባት በላይ ወፍራ ነበር ማለት ነው። በይዘት ብቻ ቢሆን አርባ ዘጠኝ ጨረቃ አንዲቷን መሬት ይሞላ ነበር፤ ክብደቱ ግን ሰማንያ አንድ ይጠይቃል።

«ሆዷን በትንሹ ፈልፍላት» አለ ጎሚስታው። «ማን ያያል?»

«ጨረቃ ባዶ አይደለችም። አሁንስ ገባኝ፤ እሷ የተሠራችው ከሌላ እንጨት ነው።»

ይህን የእንጨት ሰው ካልሆነ ማንም አይለውም። ጣውላ ክምሩ ውስጥ ገብቶ ቁራጮችን በመዳፉ እየመዘነ አንዱን ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል። በመጨረሻ ከወይራው የቀለለ አንድ ደረቅ የጥድ ጉማጅ ይዞ ብቅ አለና ቶርኖው ላይ አሰረው። ጎሚስታውን በዚያ በኩል፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«ዘጠኝ!» አለ ጎሚስታው።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ አልኩህ እኮ! አትሰማም?»

እሷ ጮኻ አታውቅም ነበር። ዘንበል መሮውን አስጠጋ።

ሐሙስ ልጁ መጣች። መሬትን አስመዘነች፣ ጨረቃን አስመዘነች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ስልኳን አውጥታ አካፈለች።

«ሰማንያ ከትንሽ! አባዬ፣ ተማሪዎቼ እንኳ ከዚህ በላይ ይሳሳታሉ። አደረግኸው!»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ዝም ቢል እዚያው ይቀር ነበር። ዘንበል ግን ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ሌላዋን ጨረቃ በሁለት እጁ አወጣና አጠገቧ አኖራት። ጠረጴዛው ጓ አለ።

«ይህቺስ?»

«የጎማ እርሳስ ውጣለች።» ሁሉንም ነገራት፤ ሩቡን፣ ወረቀቱን፣ ጎሚስታውን።

«ብቻህን አልሠራኸውም ማለት ነው።»

«ብቻዬን የሠራኋት ይህቺን ነው» አለ ወደ እርሳሷ ጨረቃ እያመለከተ። ቁልፉን አውጥቶ በሁለቱ ጨረቃዎች መካከል አስቀመጠ።

ልጁ የእርሳሷን ጨረቃ በአንድ እጅ ስታነሳ ያልጠበቀችው ክብደት እጇን ወደ ታች ሳበው። ሳቋ መጣ፤ ያዘችው፤ አመለጣት። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ጎሚስታው ነገም ይጠራልሃል?»

«እሱ ይጮሃል እንጂ አይጠራም።»

«ይጩህ። እኔም የፈራሁት ብቻህን እዚህ መቆምህን ነው።» ቁልፉን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ሰው በሌለበት ግን ቶርኖው አይነሳም። ተስማማን?»

«ተስማማን። ሌላ ትእዛዝ የለሽም?»

«ጁፒተር አለ።»

«ስንት ጨረቃ አለው?»

«ከዘጠና በላይ።»

ዘንበል ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ጣውላ ክምሩ አመራ።

«እንግዲያው ያንን ሰው ጥሪልኝ» አለ ሳይዞር፤ «ጉሮሮውን ያሟሽ።»