ሬዲዮ ዝም ያለች ዕለት

ክፍላችን ውስጥ በዕድሜ ትልቋ ተማሪ ፀጉር ሠሪ ነበረች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሬዲዮ ነው የምንላት። ልጆቿን አሳድጋ ስታበቃ፣ ፀጉር ቤቷን ግማሽ ቀን ለእህቷ እየተወች ሶሻል ወርክ ልትማር እኛ ጩጬዎቹ መሀል መጥታ ቁጭ አለች። ለምን ይህን መረጥሽ ስንላት፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ስሠራው ኖሬ፣ አሁን ወረቀቱን ልያዝ ብዬ ነዋ!» አለችን።

እውነቷን ነው። እሷ ጋ የሄደች ሴት ፀጉሯን ብቻ ተሠርታ አትነሳም። ማንን ማግባት፣ ከማን መታረቅ፣ የቱን ሥራ መልቀቅ እንዳለባት ተነግሯት ነው የምትነሳው። የሚያናድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ ናት።

ትምህርቱ ግን ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው፤ ባለጉዳዩን አዳምጪ፣ ምክር አታዝንቢበት፣ መንገዱን ራሱ ይምረጥ። ይህን ፈተና ላይ አሳምራ ጻፈች። መስክ ልምምድ ስንወጣ ግን ጉድ ፈላ። ከልጇ ጋር የተኳረፈች እናት ገና ችግሯን መናገር ስትጀምር፣ ሬዲዮ ስልኳን ተቀብላ ለልጅቷ ደወለችላት። «እናትሽ እያለቀሰች ነው፣ አሁኑኑ ነይ!» ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። እናትየውም ዳግመኛ ደጃችንን አልረገጠችም።

መምህራችን ጣለቻት። «መፍትሔው ያንቺ ነው። የሴትየዋ የታለ?»

ልምምዱን መድገም የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስንብት። ሬዲዮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። «እናታችን በወሬ ብዛት ተባረረች ሊሉ ነው ልጆቼ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ አንጀቴንም በላችው።

ዝምታን የተለማመደችው ፀጉር ቤቷ ውስጥ ነው። የፀጉር ማስያዣዎቹን በጥርሷ ነክሳ ትሠራኛለች፤ እኔ ስለ እጮኛዬ አወራላታለሁ። ዓይኗ ሊፈነዳ ይደርሳል፣ «እምም» ብቻ። ማስያዣው ሲያልቅባት ታዲያ፣ «ተይው ይህን ከንቱ!» ትልና ግንባሯን መታ አድርጋ፣ ከጭንቅላቴ ላይ አንዱን ነቅላ መልሳ ትነክሳለች። በእሷ ትምህርት ምክንያት ስንቴ ተንጨብርሬ ወጣሁ!

የመጨረሻ ዕድሏ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። አንድ እግራቸው የተቆረጠ አዛውንት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሐኪሞቹ ቢያሰናብቷቸውም ቤቴ አልሄድም ብለው አልጋቸውን የሙጥኝ ብለዋል። መምህራችን ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ታዛቢ ሆኜ አጠገቧ።

«አባቴ፣ ቤትዎን ሲያስቡ ምን ይመጣብዎታል?» አለች ሬዲዮ።

ሰውየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም ዝም። ከንፈሯን ግጥም ስታደርግ ማስያዣ የነከሰች ትመስላለች። የተጨነቅሁት እኔ ነኝ፤ ኧረ አንድ ነገር በይ ልላት ምንም አልቀረኝ።

«ደረጃ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ‹አዝዬ አወጣዎታለሁ› ይላል። እኔ ያዘልኩት ልጅ!»

ደረጃ የሌለው የኪራይ ክፍል ሬዲዮ የማታውቅበት ሰፈር የለም። መልሱ ምላሷ ላይ መድረሱን አየሁት። ዋጥ አደረገችው።

«መታዘሉ ከበደዎት።»

«ከበደኝ እንጂ!»

«ምን ቢሆን ይቀልልዎታል?»

«ከታች ዕቃ ያጎርንባት ክፍል አለች። መስኮት አላት። ብትጸዳ መኪና ሲያልፍ አያለሁ። የልጅ ልጆቼም ሲወጡ ሲወርዱ በእኔ በር ነው።»

«ለልጅዎ ማን ይንገረው?»

ሰውየው በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ማን ይነግረዋል? እኔ ነኛ! ቤቱ የኔ አይደለም እንዴ? በይ ስልኬን አቀብዪኝ።»

ሬዲዮ ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸውና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። የደወሉት እሳቸው ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ መምህራችን «አልፈሻል» ስትላት፣ ሬዲዮ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ከመሬት አነሳቻት። እኔም በደስታ አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ! እስከ ታክሲው ድረስ አፏ አልተከደነም። ታክሲው ውስጥ ግን ድንገት ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስለ እጮኛሽ አንድ ነገር ብናገር ትፈቅጂልኛለሽ?»

ጠይቃ አታውቅም ነበር።