የዱኣ ጫት

እናቴ የቤታችንን ቁልፍ በጥቁር ክር አስራ አንገቴ ላይ ያጠለቀችልኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ ነው። “ወንድምሽ ያንቺ አማና፣ ያንቺ አደራ ነው፤ አላህ ይጠይቅሻል” አለችኝና እህሏን አስጭና ወደ ውጫሌ ገበያ ሄደች። አባታችን ሞቷል፤ ከሷ ሌላ ሠርቶ የሚያበላን አልነበረም። የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች።

ወንድሜ በአንድ ዓመት ያንሰኛል። ቁመቱ ግን እንደ ማሽላ አገዳ ተመዞ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍሱት ሰዎች ዕድሜውን የሚጠይቁት አልነበሩም። በዚያው ሰሞን ሁለት የክፍሉን ልጆች በጠራራ ፀሐይ ከኳስ ሜዳ አንስተው በመኪና ወስደዋቸዋል። እናቴ ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይን ያለው ደግሞ በአፈር አይጫወትም። ለጎረቤቱ ሁሉ ባቲ አጎቱ ዘንድ ሄደ ብላ አወራችና ቆጡ ላይ አወጣችው።

ቆጡ ከሣር ክዳኑ ሥር እህልና እንጨት የምናስቀምጥበት ነበር። ወንድሜ እዚያ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ወይ ይቀመጣል ወይ ይተኛል። ግድግዳው ላይ በነበረች ስንጥቅ ከመንደራችን ሥር ያለው ሐይቅ በቁራጭ ይታየዋል። ዓሣ በማጥመድ ያደገ ልጅ ስለነበር በዚያች ስንጥቅ አንድ ዓይኑን ሰክቶ፣ የማን ታንኳ እንደወጣ፣ ውኃው ዛሬ ምን እንደሚመስል ከላይ ሆኖ ይነግረኝ ነበር። እኔም ትምህርቴን ትቼ ከታች ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እሱን ብቻ የታሰረ ያስባል፤ ቁልፉን ያንጠለጠልኩት እኔም ከውኃ መቅጃው አላልፍም ነበር። በእሱ የምናደድባቸው ቀናት ነበሩ፤ ዛሬም አልክድም።

ክፉ ልማዱ ማንጎራጎር ነበር። አንድ ቀን ራሱን ረስቶ በአምባሰል ቅኝት ሲያዜም፣ በደጃችን የሚያልፍ የቀበሌ ጥበቃ ቆመና ማን እንደሚዘፍን ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ድምፅሽ ጎርነን ብሏል ሲለኝ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብዬ ሳልኩ፤ ዝፈኚ እስቲ አለኝና ጠብመንጃውን ተደግፎ ጠበቀኝ። እንደ ወንድ አጎርንኜ ዘፈንኩለት። እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን በሩን ዘጋሁና፣ ይህን ልጅ ዝም የሚያሰኝ ነገር ካላገኘሁ ማለቃችን ነው አልኩ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጎረቤታችን አሮጊት ቤት ዱኣ ይደረጋል፤ ጫቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ይቃማል። እኔ እዚያ ውኃ በማቅረብ እካድም ነበር። በሽታም ሆነ ሥራ ይዞት ላልመጣ ሰው ከተመረቀው ጫት ድርሻው ይላክለታል፤ በረካ ነው፣ እምቢ አይባልም። አሮጊቷ ለእናትሽ ብለው ያቀበሉኝን እፍኝ ከራሴ ላይ በፈታሁት ጉፍታ ቋጥሬ ወስጄ ለወንድሜ ሰጠሁት። ኃጢአት መስሎ አልታየኝም። አሚን የተባለበት ነገር ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ድምፁ አልተሰማም። ምርቃናው ሲይዘው በሹክሹክታ ስለሚሠራት ታንኳ አወራኝ፤ ስንት ሰው እንደምትጭን፣ እኔን የት እንደሚያስቀምጠኝ። ደስ አለኝ። ከተቆለፈብን ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ግን በሳምንት አንዴ ነው። ሰኞ ጠየቀኝ፤ ማክሰኞም። እናቴ ለአስቤዛ ቆጡ ላይ ከምታስቀምጠው ገንዘብ እየቆነጠርኩ፣ ለአሮጊቷ ነው እያልኩ ከጫት ተራ መግዛት ጀመርኩ። በሩን ስከፍት ከቆጡ የሚወርደው ቃል አንድ ሆነ፤ “አመጣሽ?” ሰላም ነሽ ወይ ማለት ቀረ፣ እናቴ መጣች ወይ ማለትም ቀረ። እንጀራውን ሳይነካው ይመልስልኛል፤ እንቅልፍ የለውም፤ ካረፈድኩበት ሐራራው እንደ ሕፃን ያነጫንጨዋል። የእሱን ትራፊ እየለቀምኩ እኔም መቃም ጀምሬ ነበር።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ቤቱ ጸጥ ማለቱን አይታ መረቀችኝ። “ሰው አደረግሽው” አለችኝ። ከስቷል ስትል ቆጡ ነው ያከሳው አልኳት። ምርቃቷን ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ሐይቁ ዛሬ እንዴት ነው ብዬ ከታች ሆኜ ጠየቅኩት። “አላየሁትም” አለኝ። ቆጡ ላይ ወጥቼ ባይ ያቺን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፏታል። ብርሃኑ ምርቃናዬን ያበላሽብኛል አለኝ፤ ከወተፋትም ሰንብቷል። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ወታደሮቹ እንዳይወስዱት ብዬ ራሴ ወስጄዋለሁ። ጨርቁን ነቀልኩና ከዛሬ ወዲያ ጫት እዚህ ቤት አይገባም አልኩት።

ሦስት ቀን ቻልን። ለመነኝ፣ ሰደበኝ፣ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውኃ ልቀዳ እንስራዬን ሳነሳ ጠራኝ።

“እታለም፣ ዛሬን ብቻ።”

“የለም።”

“እንግዲያው ራሴ እሄዳለሁ።”

“በየት በኩል? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው” አልኩትና ሳቅኩ። ቆልፌ ሄድኩ።

ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። የጣራው ሣር ግን ተበጥሶ ሰማይ ይታያል። እንስራውን ጥዬ ወደ ጫት ተራ ሮጥኩ። ጫት ሻጮቹ ነገሩኝ፤ አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ፣ ዋጋ ሳይከራከር ገዝቶ፣ እዚያው ግድግዳ ጥግ ቆሞ መቃም ጀመረ። የአፈሳው መኪና ሲመጣ ሌሎቹ ወጣቶች ተበታተኑ። እሱ አልሮጠም አሉኝ። ቅጠሉን በሁለት እጁ ይዞ እንደቆመ አነሱት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን አልጋ አንጥፌ ነው የጠበቅኩት። እናቴ ስትመለስ የተበጠሰውን ሣር ቀና ብላ አየች። ከዚያ “ሐይቁ ናፍቆት ነው የወጣ” አለች። ለጎረቤቱም፣ ልታጽናናት ለመጣችው አሮጊትም ይህንኑ ነገረች፤ ልጄ ሐይቁ ናፍቆት ወጣ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እውነት ነው እንደማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። የጫቱ ነገር ውሾን ያነሳ ውሾ ሆነ፤ ያነሳው የለም፣ ከወንድሜ በቀር የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወንድሜ በእግሩ መጣ። አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ጢም አብቅሏል። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ቆየችና ዶሮ ልትይዝ ወደ ጓሮ ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የማዘጋጀው ንግግር ነበረኝ፤ ይቅር በለኝ የሚል። አፌን ስከፍት እሱ ቀና ብሎ ቆጡን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

“አመጣሽ?” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ጉፍታዬን አንስቼ ወጣሁ። እናቴ ዶሮዋን በእጇ እንደያዘች ወዴት ነሽ አለችኝ። ሽንኩርት ላመጣ ነው አልኳት።