በሰው ደጃፍ አይሮጥም

አጎቴ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ ጀልባ ሲነዱ ነው። እዚያ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ውስጡ ሰው ይኖራላ! እዚህ ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ ዳር ያለው ሐይቅ ላይ ግን ለሽመላም ይቀንሱ ነበር። ኤሊ ቀድማን ሄዳ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ድራ ትመለሳለች።

«ጋሼ፣ ኧረ ጋዝ ይስጡት!» ስላቸው፣ «በሰው ደጃፍ አይሮጥም» ይሉኛል።

ካረፉ ወዲህ ጀልባችንን የሚነዱበት የኋላ መቀመጫ ባዶውን ከረመ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ደፍሬ ተቀመጥኩበት።

«ዳዲ፣ አንተ ከነዳህ ሽመላው ቴክሳስን ለቆ ይሄዳል» አለች ልጄ።

ሽመላው የሚቆምበት ሸምበቆ ጋ ስንደርስ ቀነስኩ። ሽመላው አየኝና ዓሣ ማጥመዱን ቀጠለ።

«ኦ ማይ ጋድ! ልክ እንደ ጋሼ!» አለች በሹክሹክታ።

ደጃፉን እስክናልፍ ታገስኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ፎርት ዎርዝ ከተማ ድረስ የሚሰማ እልልታዬን ለቀቅኩት።