የቅድሙ ይሻላል

ሱቄ ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ናት። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የምግብ ቤት ዋጋ ዝርዝር፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ሥራው ግን የእኔ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ደንበኛው በርጩማዋን ይስብና ከትከሻዬ አጠገብ ይደላደላል። ከዚያ ትእዛዙ ይጀምራል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አበባ ጨምሪበት፣ ወርቃማ ይሁን። ሁሉንም ላቤን እየጠረግኩ ካደረግኩ በኋላ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያያል፣ ያያልና «የቅድሙ ይሻላል» ይላል። እስከ ዛሬ ይህን ሳይል ከዚያች በርጩማ የተነሣ ሰው አላየሁም።

ካርድ የምሠራበት የድሮው የኮምፒውተር ፕሮግራሜ ይህን ጠባይ ለምዶት ነበር። ከአንድ ወዳጄ በፍላሽ የተገለበጠ ነው፤ ከየት እንዳመጣው እኔ አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ታዲያ ሰርግ በሚጎርፍበት በጥር መግቢያ አንድ ጠዋት ስከፍተው፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ፈቃድ አሳዪ አለኝ። ፈቃድ ከየት ይምጣ! ኦሪጅናሉን ልግዛ ብል ሱቋን ከነበርጩማዋ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። የቀረኝ ነፃ ፕሮግራም መምረጥ ብቻ ሆነ። ኢንተርኔቱ ላይ ደግሞ ነፃ ነኝ የማይል የለም፤ ሁሉም እኔን ውሰጂኝ ይላል።

በዚያው ሰሞን ጋሼ መጡ። ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ባለቤታቸው ከሁለት ክረምት በፊት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ላይ እኔም ነበርኩ። አብረዋቸው ታላቅ እህታቸው ከጀውሃ መጥተዋል። እትዬ ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮችን በዓይናቸው ብቻ ተርታ የሚያስይዙ ሴት ናቸው። በርጩማዋን የያዟት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ቆሙ።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ ጋሼ። «ጠሪዎቹ ላይ የእናቷም ስም ይግባልኝ።»

በካርዱ አናት ላይ የሚጻፉት የሙሽራዋ ወላጆች ናቸው፤ ሰው የሚጠራው በእነሱ ስም ነው። እትዬ ግን ወዲያው ዞሩ።

«ሙት ደግሞ ሰርግ ይጠራል እንዴ? ሰው ምን ይለናል! አንቺ ልጅ፣ በእሷ ቦታ የእኔን አግቢ። እናት ስትታጣ አክስት ትጠራለች።»

የመጀመሪያው ምርጫዬ በኢንተርኔት የሚሠራ ነበር። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ አበባው፣ ርግቡ፣ ቀለበቱ ተደርድሮ ይጠብቃል። በጋሼ ፍላጎት የእናትየውን ስም ጻፍኩ። እትዬ አስጠፉኝና የራሳቸውን አስገቡ። ጋሼ ግን «የቅድሙ ይሻላል» አሉ። ልመልሰው ስል ኔትወርኩ ሄደ፤ ካርዱም አብሮት ሄደ። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ እትዬ በመረጡት አበባ ላይ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተጋድሞበት አገኘነው።

«ነፃ ነው አላልሽም?» አሉ እትዬ።

«ነፃ ነው፤ አበባው ብቻ ነው የሚከፈልበት።»

«እሱማ እኔ ቤትም የጥብሱ ሽታ ነፃ ነው።»

በማግስቱ ሁለተኛውን ጭኜ ጠበቅኳቸው። ይኼኛው ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ሆኖ ካርድም አያቅተኝም የሚል ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ደስ አለኝ። ግን ስሙን ስቀይር ሁለቱ ቀለበቶች ተነሥተው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሄዱ። «የቅድሙ ይሻላል» ተባለ። ስመልሰው ስሙ በታዛዥነት ተመለሰ፤ ቀለበቶቹ ግን በሄዱበት ቀሩ። እትዬ ቀለበት የጠፋበት ሰርግ ብለው አማተቡ። እኔም በንዴት ኮምፒውተሩን በቁሙ አጠፋሁት።

ሦስተኛው መጽሐፍና መጽሔት ለማሰናዳት ተብሎ የተሠራ ነው፤ እሱም ነፃ። መልኩ ግን የመንግሥት ቢሮ ይመስላል። አንዲት ቃል ለመጻፍ እንኳ መጀመሪያ ሳጥን ሥሪልኝ ይላል። ማራገቢያው ትኩስ አየር ፊቴ ላይ እየነፋ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስሰድበው ዋልኩ። ደረቅ፣ ግትር፣ ፈገግታ የማያውቅ! ግን አንድ ደግ ጠባይ አገኘሁበት። ወደ ኋላ ተመለስ ስለው አንድ እርምጃ ይመለሳል፤ ደግሜ ስለው ሌላ፤ ደግሜ ስለው ሌላ። ስሙም፣ አበባውም፣ ቀለበቱም በነበሩበት ቦታ ይገኛሉ። ስለ ነፃ ፕሮግራም የተጻፈውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ስለ ቀለሙና ስለ ፊደሉ ብዙ ተብሏል። የቅድሙ ይሻላል ለሚል ደንበኛ የትኛው ይሆናል ብሎ የጻፈ ግን አንድም የለም። ለካ የሚጽፉት ብቻቸውን ተቀምጠው ነው። እኔ ይኼንኑ ግትር መረጥኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ በዚሁ ፕሮግራም የእናትየውን ስም በጥቁር ጽፌ ጀመርኩ፤ ጋሼ ግን ተሸነፉ። የእትዬ ስም በወርቃማ ፊደል ገባ፤ አበባ ተጨመረ፤ ርግብ ተጨመረ፤ ርግቧ አላማረችም ተብላ ተባረረች። የሚያትሙልኝ ሰዎች ያሉት ደብረ ብርሃን ነው። ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን ሰው ብርዱ ነው መሰለኝ የሚያጣድፈው፤ አሁን ካልላክሽ ሌላ ሰርግ እናስቀድማለን ብለው ደወሉ። ልልክ ጣቴን አነሣሁ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ከኋላዬ። «የቅድሙ ይሻላል።»

«የትኛው የቅድሙ ጋሼ? ከርግቧ በፊት ያለው?»

«ከሁሉ በፊት ያለው።»

ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ። ርግቧ መጣች፣ ሄደች። አበባው ሄደ። ወርቁ ጠፍቶ ጥቁር ሆነ። የእትዬ ስም ጠፋ። በመጨረሻ የእናትየው ስም፣ እንደጻፍኩት፣ ከጋሼ ስም ጎን ብቅ አለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። እኔ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ።

«ነግሬሃለሁ፤ ሙት አይጠራም» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«እትዬ» አሉ ጋሼ፤ ለእህታቸው ቀና ብለው ሲመልሱ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል የሰርጓ ዳስ የት እንደሚተከል የነገረችኝ እናቷ ናት። ደጃፋችን ያለውን ማንጎ የተከለችው ለዳሱ ጥላ ብላ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንዳይረሳ፣ ሁሉን ስትነግረኝ ነው የኖረችው። ይኼን ድግስ የደገሰችው እሷ ናት። ሌላ ማን ይጥራ?»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንተስ ታዲያ ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

«እኔማ እንግዳ ነኝ» አሉ ጋሼ። «እሷ ጠርታኝ ነው የምመጣው።»